ፖል አይስለር

ፖል አይስለር እ.ኤ.አ. በ1907 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። በ1930 የምሕንድስና ትምህርቱን ፈጸመ፤ ነገር ግን አይሁዳዊ በመሆኑ በሙያው ሥራ ማግኘት ተሳነው። ስለዚህ ወደ ኅትመት ሥራ ገብቶ የማተሚያን ጥበብ በቅርብ ለማወቅ ቻለ። በ1936ም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ።

በዚያን ዘመን የራዲዮ ክፍሎች የሚገናኙት አንድ በአንድ በእጅ በሚበየዱ ሽቦዎች ነበር። አይስለር ግን ጽሑፍ በወረቀት ላይ እንደሚታተም ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ መስመርም በሰሌዳ ላይ ሊታተም እንደሚችል ተገነዘበ። በዘዴውም ሰሌዳው በስስ መዳብ ይለበጣል፤ የሚፈለገው መስመር በቀለም ይታተማል፤ ቀለም ያልሸፈነው መዳብ በኬሚካል ተበልቶ ይወገዳል። ሐሳቡን ለአንድ ኩባንያ ቢያቀርብም፣ የሠራተኞች እጅ ይረክሳል በሚል ምክንያት ሳይቀበሉት ቀሩ። ጦርነቱ ሲነሣም እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቆጥሮ ታሰረ። ሆኖም ተስፋ ሳይቆርጥ ከእስር እንደ ወጣ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1943ም የፈጠራ መብት ጥያቄውን አቀረበ። ከጦርነቱ በኋላ የታተመው ሰሌዳ በየአገሩ ተስፋፋ።

ዛሬ በመኪና ሞተር ላይ ሙቀትንና ግፊትን የሚለኩ መሣሪያዎች የሚልኩት ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚጣራውና የሚጎላው እንዲህ ባለው ሰሌዳ ላይ ነው። ነዳፊውም ይህ ምልክት እንዳይታወክ መስመሩን ብርቱ ኤሌክትሪክ ከሚያልፍበት መስመር ያርቀዋል።

አይስለር በ1992 በለንደን ዐረፈ። ሥራ አጥቶ በገባበት በኅትመት ሙያ የቀሰመው ዕውቀት ለታላቅ ፈጠራው መሠረት ሆነለት።