ኢንሱሊንን በአንድ ዶላር ያስረከበው ሐኪም

ከመቶ ዓመት በፊት በስኳር ሕመም የተያዘ ሕፃን ዕድሜው የሚራዘመው በረሃብ ነበር፤ ሐኪሞች ምግብ ከመከልከል ሌላ የሚያደርጉለት ነገር አልነበራቸውም።

ካናዳዊው ቀዶ ሐኪም ፍሬድሪክ ባንቲንግ እአአ በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ከረዳቱ ቻርልስ ቤስት ጋር ከውሾች፣ ኋላም ከከብት ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ፔፕታይድ ማውጣት ጀመረ። በ1922 መጀመሪያ አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ የተወጋው የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልረዳውም። ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ባጣራው ሁለተኛ ዙር ግን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወረደ።

ሦስቱም የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር አስተላለፉ። ለክብር ግን እንዲህ ለጋስ አልነበሩም። የ1923 ኖቤል ለባንቲንግና ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ጆን ማክላውድ ሲሰጥ፣ ቤስት በመዘለሉ የተቆጣው ባንቲንግ ገንዘቡን አካፈለው፤ ማክላውድም ለኮሊፕ።

ባንቲንግ በየካቲት 1941 በጦርነቱ ሥራ ወደ ብሪታኒያ ሲበር ኒውፋውንድላንድ ላይ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ በ49 ዓመቱ ሞተ።