የምክር ቤቱ ታሪክ ጸሐፊ፦ ፍራንቲሼክ ፓላትስኪ

ታሪክ ጻፍ ተብሎ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንደኛው ከፋዩ ነው፤ ሁለተኛው እውነት ነው። ሁለቱ የተስማሙ እንደ ሆነ ሥራው ቀላል ነው። ያልተስማሙ እንደ ሆነ ግን የጸሐፊው ማንነት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። የቦሄሚያ ምክር ቤት ታሪክ ጸሐፊ የነበረው የፍራንቲሼክ ፓላትስኪ ሕይወት ይህን ያስረዳልና ባጭሩ እንተርከዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓላትስኪ በ1798 በሞራቪያ፣ ሆድስላቪትሴ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ አስተማሪ ነበር። የዘር ማንዘሩ ሃይማኖት ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ በስደቱ ዘመን እምነታቸውን በስውር ጠብቀው የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ፕሬስቡርግ ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ብራቲስላቫ ተማረ፤ ለኑሮውም በሀንጋሪ መኳንንት ቤት ልጆች ያስተምር ነበር። በ1823 ወደ ፕራግ በመጣ ጊዜ ሊቁ ዮሴፍ ዶብሮቭስኪ ወዳጅ ሆነው፤ በእርሱም አማካይነት ከስተርንበርግ መሳፍንት ጋር ተዋወቀና የቤታቸውን መዝገብ የሚመረምር ሠራተኛ ሆነ።

በዚያ ዘመን ቦሄሚያ የምትገዛው በሃብስቡርግ ነገሥታት ነበር። ካህናት፣ መሳፍንት፣ ታናናሽ ባላባቶችና የከተሞች እንደራሴዎች የሚቀመጡበት የአገሩ ምክር ቤት ስሙ ቀረ እንጂ ሥልጣኑ የቀድሞው አልነበረም። በ1620 ቢላ ሆራ በተባለው ስፍራ የቼክ መኳንንት ድል ከሆኑ በኋላ፣ በ1627 የወጣው ሕግ ዋናውን ሥልጣን ለዘውዱ ሰጥቶት ነበር። ሥልጣኑን ላጣ ምክር ቤት የቀድሞ መብቱን የሚያስታውስ ታሪክ ትልቅ ሀብት ነው። ምክር ቤቱም በ1829 ፓላትስኪን በትንሽ ደመወዝ ታሪክ ጸሐፊው አድርጎ ሰየመው። ይሁን እንጂ የቪዬና መንግሥት ሹመቱን እስኪያጸድቅለት ድረስ ወደ 10 ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነበት።

እርሱ ግን ማዕረጉን ሳይጠብቅ ሥራውን ጀመረ። ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት እየተዘዋወረ ሰነድ ገለበጠ፤ በ1837 ሮም ድረስ ወርዶ የቫቲካንን መዛግብት መረመረ። የታሪኩ የመጀመሪያ ክፍል በ1836 በጀርመንኛ ታተመ፤ የመኳንንቱና የሊቃውንቱ ቋንቋ ጀርመንኛ ነበርና።

ችግሩ የጠናው 15ኛው መቶ ዓመት ላይ ሲደርስ ነው። ያን ሁስ በ1415 በኮንስታንስ ጉባኤ ተፈርዶበት በእሳት ተቃጠለ፤ ተከታዮቹም ሮም ያዘመተችባቸውን የመስቀል ጦር ደጋግመው መለሱ። በቪዬና ዓይን ይህ የመናፍቃንና የዓመፀኞች ዘመን ነበር፤ ፓላትስኪ ግን የቼክ ሕዝብ ከፍ ያለበት ዘመን መሆኑን አመነ። ስለዚህ ሳንሱሩ በጽሑፉ ላይ እጁን አበረታ። ጸሐፊው የግድ በሆነበት ስፍራ እያለዘበ፣ ሥራውን ግን ሳያቋርጥ ቀጠለ፤ ስለ ሳንሱሩ የሚመሰክሩትንም ሰነዶች ጠብቆ በ1871 አሳተማቸው።

በ1848 አብዮት ሲነሣ ታሪኩ በቼክ ቋንቋ መታተም ጀመረ። ያን ጊዜ ርእሱም ተለወጠ፤ የቦሄሚያ ታሪክ የነበረው የቼክ ሕዝብ ታሪክ ሆነ። መኳንንቱ የአገራቸውንና የመብታቸውን ታሪክ ሊያስጽፉ የቀጠሩት የአስተማሪ ልጅ፣ ሕዝቡን የታሪኩ ባለቤት አደረገው። በዚያው ዓመት በፕራግ የተሰበሰበው የስላቮች ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ሕገ መንግሥት በሚያረቀው ሸንጎም ተቀመጠ። ሸንጎው በ1849 በኃይል ሲበተን ወደ መጽሐፉ ተመለሰ፤ ፖሊስም ይጠባበቀው ነበር። በ1861 ግን ታሪኩን ይጽፍለት በነበረው በቦሄሚያ ምክር ቤት ራሱ እንደራሴ ሆኖ ገባ።

ታሪኩን ያቆመው በ1526 ላይ ነው፤ ይህም ሃብስቡርጎች የቦሄሚያን ዙፋን የያዙበት ዓመት ነው። በ1876 የሥራው ፍጻሜ በፕራግ በተከበረ በጥቂት ሳምንት፣ ግንቦት 26 ቀን ዐረፈ።

ጉድለት አልነበረበትም ማለት ግን አይቻልም። በ1817ና በተከታዩ ዓመት ተገኙ የተባሉ፣ የቼክን ጥንታዊነት የሚያስመሰክሩ የብራና ጽሑፎች ነበሩ። ወዳጁ ዶብሮቭስኪ አንደኛው ሐሰተኛ መሆኑን ቢያስታውቅም፣ ፓላትስኪ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ስለ እውነተኛነታቸው ተሟገተ። እርሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ጌባወርና ማሳሪክ የተባሉት ሊቃውንት የራሳቸው የቼክ ሕዝብ እየተቈጣቸው የጽሑፎቹን ሐሰትነት ገለጡ።

እንግዲህ የታሪክ ጸሐፊ ጌቶች ሁለት ብቻ አይደሉም። ሦስተኛው የገዛ ልቡ ምኞት ነው። ሳንሱርን የታገለው ሰው፣ ይህን ሦስተኛውን ጌታ ግን ሊያሸንፈው አልቻለም። ነገ ብዕር የምናነሣ ሁሉ ትጋቱን እንከተል፤ ይበልጥ የምንወደውንም ወሬ ይበልጥ እንመርምር።