ጆን ሄርሸልና ሁለቱ ጠርሙሶች

ሄርሸል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ1781 ዩራነስን ያገኘውን አባትየውን፣ ዊልያምን ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ደግሞ የልጁ የጆን አድናቂ ነኝ። ዘንድሮ በኮሌጃችን ዳርክሩም ሳይኖታይፕ ስናትም የምንከተለው አሠራር የእሱ ነው።

ጆን በ1792 እንግሊዝ አገር ስላው ውስጥ ተወለደ፤ ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ተማረ። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ገና ሳይታወቅ፣ በ1819፣ ዛሬ ሶዲየም ታዮሰልፌት የምንለው ጨው ውሃ የማያሟሟውን የብር ጨው እንደሚያሟሟ ጽፎ አሳተመ። ያኔ ለምን እንደሚጠቅም ማን ያውቃል! ከ1834 ጀምሮ አራት ዓመት ያህል ኬፕ ታውን አጠገብ ተቀምጦ የደቡቡን ሰማይ ከዋክብት መዘገበ።

በ1839 መጀመሪያ የዳጌር ወሬ ከፓሪስ ሲደርሰው፣ ዝርዝሩን ሳያውቅ በቀናት ውስጥ ራሱ ምስል ሠራ። የዘመኑ ራስ ምታት ምስሉን ማቆየት ነበር፤ ብርሃን ያልነካው የብር ጨው ወረቀቱ ላይ ከቀረ ውሎ አድሮ ሁሉም ይጠቁራል። ሄርሸል የ20 ዓመት ግኝቱን አውጥቶ ያን ትርፍ ጨው አጠበው። ዘዴውን ለቶልቦትም ሳይደብቅ ነገረው። ዛሬም ዳርክሩም ውስጥ «ሃይፖ» የምንለው ይኸው ነው። አሲድ ከገባበት ግን ድኝ ያወጣና ይበላሻል፤ ወረቀቱ ላይ ታጥቦ ካላለቀ ደግሞ ፎቶው ይደበዝዛል።

በ1842 ብርን ትቶ ወደ ብረት ዞረ። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ወረቀት ላይ ተቀብተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ለማጽናት ውሃ ይበቃል። መሐንዲሶች ለዓመታት የተገለገሉበት ብሉፕሪንት የመጣው ከዚህ ነው። አና አትኪንስም በ1843 የባሕር አረም መጽሐፏን በዚሁ ማተም ጀመረች።

መሞከር የምትፈልጉ ሁለቱን በየራሳቸው ጠርሙስ በተጣራ ውሃ አሟሟችሁ አስቀምጡ። ለ100 ሚሊ ሊትር ከመጀመሪያው 25 ግራም፣ ከሁለተኛው 10 ግራም ይበቃል። እኩል እኩል የምትቀላቅሉት በምታትሙበት ቀን፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ነው፤ ድብልቁ አይቆይም። ሲትሬቱ ለብቻውም ሻጋታ ይወዳል። ብረት ያለው ብሩሽ ወረቀቱን ሰማያዊ ነጠብጣብ ያደርገዋል። ስሙንም ደጋግማችሁ አንብቡ፦ ፌሪሲያናይድ ቀይ ነው፣ ፌሮሲያናይድ ቢጫ። ቢጫውን ከብረቱ ጨው ጋር ያገናኘ ሰው ፀሐይ ሳያይ እዚያው ሳህኑ ላይ ሰማያዊ ያገኛል። ይህ የሚያባክነው ወረቀት ብቻ ነው። ጠንካራ አሲድ ግን ከሁለቱም ጠርሙስ አጠገብ አይድረስ፤ ፌሪሲያናይድን አፍርሶ ገዳይ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ሄርሸል በ1871 አረፈ። የተቀበረው ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር አቤይ፣ ኒውተን አጠገብ ነው።