ካሜራውን ኮረም ላይ ያቆመው ሰው

ሐሙስ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ስወጣ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ጋ አረፍ ማለት ልማዴ ነው። ወሎዬ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ገና ልጅ ሆነው ከኮረም መጠለያ ከቤተሰባቸው ጋር ተጭነው በሰፈራ ወደ ያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። በዚህ ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ስለ ኮረሙ የቴሌቪዥን ዘገባ ተማርንና፣ እዚያ ካሜራ የያዘ ሰው አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያስታውሱም። የሚያስታውሱት ብርዱን ነው።

ያ የማያስታውሱት ሰው ሞሐመድ አሚን ይባላል። የክፍላችን ተማሪዎች ስሙን ለፈተና ሲባል እናውቀዋለን እንጂ ሕይወቱን ብዙም አናውቅም፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንግሊዛዊ ይመስለኝ ነበር። ለነገሩ ኬንያዊ ነው። በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ከእስያ ከመጣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው ደግሞ ዳሬሰላም ነው። ተማሪ ሳለ አንድ ያገለገለ ቦክስ ብራውኒ ካሜራ ገዛ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ብዙም የሆነለት አይመስልም። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ማለትም እኛ አሁን ባለንበት ዕድሜ፣ ካሜራፒክስ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

በ1956 ዓ.ም. የዛንዚባርን አብዮት ቀረጸ። ሁለት ዓመት ቆይቶ እዚያው ዛንዚባር ወታደራዊ ምሥጢር ነክቷል ተብሎ ታሰረ፤ አራት ሳምንት ያህል ተሠቃይቶ ወደ ኬንያ ተባረረ። ሰኔ 1961 ዓ.ም. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲመታ ቀድሞ የደረሰው ካሜራ የእሱ ነበር። በዚያ ሥራ ተሸለመ። የሰው ሞት ቀርጾ መሸለም ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥም ተከራክረንበት አልተስማማንም።

ወደ 1977 እንምጣ። ያን ዓመት አዲስ አበባ የተቀበለችው በድምቀት ነበር፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተከብሮ ኢሠፓ ተመሥርቷል። በወሎና በትግራይ ግን ዝናብ ከጠፋ፣ ጦርነቱም ከበረታ ቆይቷል። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ገና በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ለለጋሾች አቤት ብሎ ነበር። ቁጥሩ ተጽፏል፣ ሰነዱ ተበትኗል፤ የሚሰማ ግን አልነበረም። መንግሥትም በበዓሉ ሰሞን ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዲሄድ አይፈልግም ነበር። አሚን በጥቅምት ፈቃዱን እንደምንም አግኝቶ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር መቀሌና ኮረም ደረሰ።

ኮረም ደጋ ነው። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያደረው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። አሚን የቀረጸው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጭስና ጉም ተደባልቆ፣ ሰዉ በጋቢና በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ሌሊት የሞቱት አንድ በአንድ እየተገነዙ ሲሰለፉ። ፊልሙን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ካሜራው አይሮጥም። ቀስ ይላል፣ ፊት ላይ ይቆያል። በኋላ እንደተናገረው ያን ጊዜ ሥራውን ሠርቶ የወጣ መስሎት ነበር፤ ናይሮቢ ገብቶ ፊልሙን ለመቁረጥ ሲቀመጥ ነው የተሰበረው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ አሰራጨው። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይቶት ኅዳር ላይ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ዘፈን አስቀረጸ፤ አሜሪካኖቹም የራሳቸውን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ። የምዕራቡም የምሥራቁም አውሮፕላን እህል ይዞ አሰብና መቀሌ መመላለስ ጀመረ። በዚያ ርሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። እህሉ ባይመጣ ስንት ይሆን ነበር የሚለውን ማንም ሊቆጥረው አይችልም።

እውነቱን ለመናገር ይህን ፊልም አልወደውም ነበር። ኢትዮጵያዊ ነኝ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት ስለ ርሃብ ነው እያሉ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሲያማርሩ ሰምተን ነው ያደግነው። ደግሞም እዚያ የሞቱትን ማን አስፈቅዷቸው ነው የተቀረጹት? ፊልሙ ውስጥ የሚረዳው ፈረንጅ ነው፤ የኛዎቹ ነርሶች፣ ቀባሪዎች፣ ያለውን ያካፈለው ጎረቤት እምብዛም አይታዩም። ቡና የሚያፈሉት እናት ስለ እርዳታ ሲያወሩ አውሮፕላን አያነሱም። የሚያነሱት እዚህ እንደደረሱ ወተትና በቆሎ ያመጡላቸውን ኦሮሞ ጎረቤት ነው። ያ ጎረቤት መሬቱ ላይ ሰው ሲሰፍርበት ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም፤ እሳቸውንም ልሂድ ብለው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ከ600 ሺህ ያህሉ ሰፋሪ ስንቱ ወዶ እንደመጣ፣ ስንቱ ተገዶ እንደተጫነ የዚህ አካባቢ ሽማግሌዎች ይነግሯችኋል። ይህን ግን አንድም ካሜራ ቁጭ ብሎ አልቀረጸውም።

ታዲያ አሚንን ባጠናሁት ቁጥር ቅሬታዬ እየቀነሰ የሄደበት ምክንያት አለ። ሰውየው ቀርጾ አልጠፋም። እየተመላለሰ ይመጣ ነበር። ደርግ በወደቀ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እዚያው ነበር። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ፤ የአሚን ግራ እጅ ተቆረጠ። ለካሜራማን ይህ መጨረሻው ነው ብለው ብዙዎች ደምድመው ነበር። እሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ፣ ካሜራውን በዚያ እጅ መያዝ ተለማምዶ በወራት ውስጥ ወደ ሥራ ተመለሰ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ቤቱ ናይሮቢ ለመሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ 961 ተሳፈረ። ሦስት ጠላፊዎች አውሮፕላኑን ወደ አውስትራሊያ ውሰደው አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዳም አልሰሙትም። ከአደጋው የተረፉ እንደተናገሩት አሚን መቀመጫው ላይ አልተቀመጠም፤ እስከ መጨረሻው ቆሞ ጠላፊዎቹን ያነጋግር ነበር። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ውኃው ላይ ተሰበረ። ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ፣ እሱም አንዱ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። አውሮፕላኑ ሲሰበር የሚያሳየውን፣ ዓለም ሁሉ ያየውን ምስል የቀረጸው ደግሞ ለሽርሽር የመጣ አንድ ቱሪስት ነው።

ባለፈው ሐሙስ የኮረሙን ፊልም በስልኬ ላሳይዎት ብዬ ለቡና አፍይዋ እናት አወጣሁላቸው። እምቢ አሉ፣ ረከቦቱን መወልወል ያዙ። ሁለተኛው ከወረደ በኋላ ግን የሰው ፊት ይለይ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እዚያ የቀረች ታናሽ እህት ነበረቻቸው። ይለያል አልኳቸው። ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሩኝ።