የአባ ተስፋ ጽዮን ታሪክ

አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ከ1529 እስከ 1543 ዓመት (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ደብረ ሊባኖስም ከነዚሁ አንዱ ሆነ። ብራና ጸሓፊው ብዙ ወራት የደከመበትን እሳት ባንድ ሰዓት አመድ ያደርገዋልና የዚያን ዘመን ጥፋት ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም።

እኒህ አባት በዚያው ዘመን ወደ ሮም ተሻግረው በሐበሾቹ ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። ቀድሞ በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ በሮም አሳትሞ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮንም ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋራ ሆነው በ1548 አራቱን ወንጌልና ሌሎቹን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት፣ በ1549 የጳውሎስን መልእክታት አሳተሙ።

አታሚዎቹ የዶሪኮ ወንድማማች ግእዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱም የማተም ጥበብ አያውቁም ነበርና በመጽሐፉ ብዙ ስሕተት ገባ። የግብረ ሐዋርያት ቅጅያቸውም ጐዶሎ ስለ ነበረ የጐደለውን ከላቲንና ከጽርእ ተርጕመው ሞሉት። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሳይሸሽጉ በዚያው በመጽሐፉ ለአንባቢ አስታወቁ። ስለዚህ ዛሬ የብራናውን ንባብ ከኅትመቱ ጋራ የሚያስተያይ መርማሪ የጥንቱን ከአዲሱ ለመለየት መንገድ አለው።

ማርያኖ ቪቶሪ የተባለ ኢጣልያዊም ግእዝን ከእርሳቸው ተምሮ በ1552 ሰዋስው አሳተመ። የሐዲስ ኪዳናቸውም ኅትመት በ1657 በተፈጸመው በለንደኑ የብዙ ልሳን መጽሐፍ ቅዱስ ገብቶ ዳግመኛ ታተመ።

አባ ተስፋ ጽዮን በቲቮሊ ዐርፈው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀበሩ። መጽሐፍን ከእሳት ማዳን ታላቅ ሥራ ነው፤ የጐደለውን ጐደለ ብሎ ማስተላለፍ ግን የሊቅ እምነት ነው።