አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፤ በትጋት ያደጉ አባት

የቤተ ክርስቲያን ግንብ በብዙ ሰው ገንዘብና ጉልበት ይቆማል፤ አንዱ ደንጊያ ያቀብላል፥ ሁለተኛው ጭቃ ያቦካል፥ ሦስተኛው ክዳኑን ያለብሳል። የነፍስ ሕንፃ ግን እንዲህ አይደለም። መምህር ያስተምራል፥ ካህን ይናዝዛል፥ ወላጅም ይመክራል፤ መትጋቱ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። ይህንንም ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት አጥርቶ መረዳት ይቻላል።

አባ ጊዮርጊስ በ1357 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ምድር ሰግላ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን በመጻሕፍት ዕውቀት የታወቁ፥ ከንጉሥ ካህናትም አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሰደዱት። ይህ ገዳም ከወልድያ የተነሣ መንገደኛ በመርሳ፥ በሀብሩ ምድር አልፎ ወደ ደቡብ ሲሄድ የሚያገኘው ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ በትምህርትና በምንኵስና ካቀኑት ጀምሮ የብዙ ሊቃውንት መውጫ ሆኗል።

እንግዲህ የሊቅ ልጅ ሆኖ በእንዲህ ያለ ገዳም ለገባ ተማሪ ምን ይጐድለዋል? ነገር ግን የአባት ዕውቀት ለልጅ በርስትነት አይተላለፍም። ገድላቸው እንደሚተርከው አባ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ያህል ቢማሩ ትምህርቱ አልገባቸውም። ጓደኞቻቸው ተሳለቁባቸው፤ መምህሩም ተስፋ ቈርጠው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። አባታቸው ግን ልጁ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነውና መማር ባይችል እንኳ ገዳሙን ያገልግል ዘንድ ዳግመኛ ወደ ሐይቅ ሰደዱት።

በዚህ ጊዜ አባ ጊዮርጊስ መምህራቸውን ሊነቅፉ፥ ወይም ዕድሌ ይህ ነው ብለው ሊተዉት በቻሉ ነበር። እርሳቸው ግን ይህን አላደረጉም። ቀን ለመነኰሳቱ እህል እየፈጩ በትሕትና አገለገሉ፤ ሌሊትም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው በዕንባ ለመኑ። ከብዙ ልመናም በኋላ እመቤታችን ተገልጣ በቅዱስ ዑራኤል እጅ ጽዋዐ ልቡናን እንዳጠጣቻቸውና አእምሯቸው እንደ ተከፈተ ገድላቸው ይናገራል።

ጸጋ ከላይ የሚሰጥ ከሆነ የሰው ድርሻ ምንድር ነው የሚል አይጠፋም። ጸጋ በእውነት ስጦታ ነው እንጂ የሥራ ደመወዝ አይደለም። ነገር ግን አባ ጊዮርጊስን ያገኛቸው በወፍጮውና በጸሎቱ ላይ ተግተው ሳሉ ነው። ከተቀበሉም በኋላ ሥራ አልፈቱም፤ በቤተ ክርስቲያን በቀንና በሌሊት የሚጸለየውን ሰዓታት ደረሱ፤ አርጋኖንም ከድርሰቶቻቸው ጋራ ይቈጠራል። በዐፄ ዳዊት ዘመን ስለ ሃይማኖት ተከራከሩ፥ በክስም ታሰሩ፤ መከራው ግን ብዕራቸውን አላስጣላቸውም። የሰባልዮስን፥ የአርዮስን፥ የንስጥሮስንና የሌሎችን ስሕተት የሚመልሰውን መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. ፈጸሙ። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1417 ዓ.ም. ሐምሌ 7 ቀን ዐረፉ። ስማቸው የሚጠራበት ጋሥጫም በዚያው በወሎ ምድር ይገኛል።

ዛሬ በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ አብያተ ክርስቲያናት ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የሚሰማው ዜማ፥ አይገባውም ተብሎ የተመለሰው የዚያ ተማሪ ፍሬ ነው። ስለዚህ ወላጅ ትምህርት የዘገየበትን ልጅ ከጉባኤ ቤት ፈጥኖ አያውጣ፤ መምህርም ደካማውን አይግፋ። ምእመንም ጸሎቱን ለካህን፥ ጾሙን ለመነኵሴ፥ ንባቡን ለደብተራ ትቶ ራሱ ባዶ እጁን አይቀመጥ። የነፍስ አባት መንገዱን ያሳያል እንጂ ስለ ልጁ አይሄድለትም። ዛሬ ዳዊት መድገም ያልቻለ ውዳሴ ማርያምን ይጀምር፤ ይህም ያልሆነለት አባታችን ሆይን በማስተዋል ይድገም፤ የሰነፈም ንስሓ ገብቶ ዳግመኛ ይነሣ።

በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል የቤተ ክርስቲያናችን ዕድሜ ይቈጠራል። እያንዳንዱም በእነዚህ ዓመታት ነፍሱ ምን ያህል እንዳደገች ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱ ቢያሳፍረውም ተስፋ አይቍረጥ፤ አባ ጊዮርጊስም ከሰባት ዓመት በኋላ ከወፍጮ ቤት ነው የጀመሩት።

የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ ጸሎትና በረከት በሁላችን ላይ ይደርብን፤ አሜን።