አትናቴዎስ፡ አምስት ጊዜ የተሰደደው የሃይማኖት ዘበኛ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ስትቆጣ የምታወርድብን ስድብ ብዙ ነበር። ከሁሉም የከፋው ግን አርዮስ የሚለው ነው። ማሰሮ የሰበረ፣ ታናሹን የመታ፣ ጾም የገደፈ ልጅ ሁሉ በአያቴ አፍ አርዮስ ነበር። ሰውዬው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ክፉ መሆኑን ብቻ እናውቃለን። ካደግሁ በኋላ ሕግ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ፍትሐ ነገሥት ስማር፣ በኒቅያ የተሰበሰቡት የሠለስቱ ምዕት ነገር ተነሣና አርዮስ ዳግመኛ ከፊቴ ድቅን አለ። ያን ጊዜ ስለ እርሱ ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤ ስጨርስ ግን ልቤን ይዞት የቀረው አርዮስ ሳይሆን ባላጋራው አትናቴዎስ ሆነ።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት የገጠመኝ ነገር ነው። ሁለት ዘመዳሞች በሃይማኖት ተነጋገሩና ነገሩ ከረረ። አንደኛው ሌላውን መናፍቅ አለው፤ ያኛውም በፈንታው የሐሰተኛ መምህራን ተከታይ ብሎ መለሰለት። በመካከል አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞሩና፣ የሕግ ሰው አይደለህም ወይ፣ መንግሥት እነዚህን ሐሰተኛ አስተማሪዎች ሰብስቦ ለምን አያስርልንም ሲሉ ጠየቁኝ። ቦታው ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም አልኩ። መልሱን ዛሬ በዚህ ገጽ ልስጣቸው። አንቀጽ ከመጥቀሴ በፊት የአንድ ሰው ሕይወት እተርካለሁ። (ከመጨረሻው የሕገ መንግሥት ነገር በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

አትናቴዎስ የተወለደው በ3ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በግብፅ እስክንድርያ ነው። በልጅነቱ ክርስቲያኖች በሮማ ነገሥታት ትእዛዝ የሚገደሉበት ዘመን ነበር። ጎልማሳ ሲሆን ግን ዘመኑ ተገለበጠ፤ ቆስጠንጢኖስ ነገሠና ቤተ ክርስቲያን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ወዳጅ ሆነች። ወዳጅነቱ የራሱን ጣጣ ይዞ እንደመጣ ኋላ እናያለን።

በዚያው ከተማ አርዮስ የሚባል ቄስ ነበር። የሐሰት አስተማሪ ሲባል ብዙዎቻችን ቀንድ ያበቀለ ሰው ይታየናል። አርዮስ ግን እንደሚተረከው ረጅም፣ ጾመኛ፣ ንግግሩ የሚጥም ሰው ነበር። ትምህርቱንም በዜማ አዘጋጅቶ መርከበኛውም፣ እህል ፈጪውም፣ መንገደኛውም እንዲያዜመው አደረገ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ወልድ የተፈጠረ ነው፣ ያልነበረበት ጊዜም ነበር የሚል ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ እለ እስክንድሮስ ይህን አወገዘ። ጠቡ ከከተማው አልፎ ምሥራቁን ሁሉ ስላዳረሰ፣ ቆስጠንጢኖስ በ325 ኤጲስ ቆጶሳቱን በኒቅያ ሰበሰበ። በትውፊታችን 318 የምንላቸው አባቶች እነዚህ ናቸው። አትናቴዎስ ያን ጊዜ ገና ዲያቆን ነበር፤ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር እንደ ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ። ጉባኤው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብሎ ወሰነ። አርዮስም ተወገዘ።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ነገር አለ። ማውገዝ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ነው። ቆስጠንጢኖስ ግን በዚያ አላበቃም፤ አርዮስን በንጉሥ ትእዛዝ አሰደደው። ቆየት ብሎም መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ፣ ደብቆ የተገኘም በሞት እንዲቀጣ አዋጅ አወጣ። በዚያ ቀን የኒቅያ ወገን ሁሉ ደስ ብሎት ይሆናል። ሰይፉ የኛ ወገን መስሎ ነበርና!

በ328 እለ እስክንድሮስ ዐረፈና አትናቴዎስ በመንበሩ ተተካ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም የሚል ክስ የተነሣበት ያኔውኑ ነው። ሰባት ዓመት ያህል እንደቆየ፣ በ335፣ በጢሮስ ከተማ በተሰበሰበ ጉባኤ ፊት ቆመ። የክሱን ዝርዝር ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል። ስለ ሃይማኖት ትምህርቱ አንድም ክስ የለበትም። የቀረቡት ክሶች አርሳንዮስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ አስገድሏል፣ እጁንም ቆርጦ ለአስማት ተጠቅሞበታል፣ የአንድን ካህን ጽዋ አሰብሯል የሚሉ ናቸው። የተቆረጠ እጅም በማስረጃነት ቀረበ። የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደተረኩት፣ አትናቴዎስ አንድ የተሸፋፈነ ሰው አስገባ። ሲገለጥ ሞተ የተባለው አርሳንዮስ ራሱ ነው። አንድ እጁን አሳየ፤ ሁለተኛውንም አሳየ። ሦስተኛው እጅ ከየት እንደተቆረጠ ከሳሾቹ እንዲያስረዱ አትናቴዎስ ጠየቀ።

እንዲህ ያለ ክስ በማንኛውም ችሎት እዚያው ይዘጋ ነበር። በጢሮስ ግን አልተዘጋም። ስለ ጽዋው የሚያጣራ ቡድን ወደ ግብፅ ተላከ፤ የቡድኑ አባላት በሙሉ የአትናቴዎስ ባላጋራዎች ነበሩ፤ ተከሳሹም ሆነ ወገኖቹ በምርመራው ላይ እንዳይገኙ ተደረገ። መርማሪውም ከሳሹም አንድ ሲሆን ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግራችሁም። አትናቴዎስ ፍርዱን ሳይጠብቅ ወደ ቁስጥንጥንያ ተጓዘና ንጉሡን በመንገድ ላይ አስቁሞ ፍትሕ ጠየቀ። ከሳሾቹም ተከትለው መጡ። የጽዋውንና የእጁን ነገር እዚያው ትተው አዲስ ክስ አወጡ፤ ከግብፅ ወደ ዋና ከተማይቱ የሚጫነውን ስንዴ አስቀራለሁ ብሎ ዝቷል አሉ። የቁስጥንጥንያ እንጀራ የግብፅ ስንዴ ነውና ንጉሡ ደነገጠ። ተከሳሹን በቅጡ ሳይሰማ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪር አጋዘው። አርዮስን ያሰደደው ንጉሥ በአሥር ዓመት ውስጥ የአርዮስን ባላጋራ አሰደደ። በ336 አርዮስ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊመለስ ሲል ቁስጥንጥንያ ላይ በድንገት ሞተ፤ ትምህርቱ ግን አብሮት አልተቀበረም።

ቆስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት አትናቴዎስ ተመለሰ። በ339 እንደገና ተባርሮ ወደ ሮም ሄደ፤ የተመለሰው በ346 ነው። ከዚያ በኋላ የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ግዛቱን ብቻውን ጠቀለለ። ይህ ንጉሥ ለአርዮስ ወገን ያደላ ነበር። በ356 የካቲት ወር ሌሊት 5,000 ያህል ወታደሮች አትናቴዎስ ሕዝቡን ይዞ የሚያድርበትን ቤተ ክርስቲያን ከበቡ። እርሱ በመንበሩ እንደተቀመጠ መዝሙር እንዲነበብ አዘዘ፤ ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ። በመጨረሻ መነኮሳቱ ጎትተው አወጡት። ስድስት ዓመት በግብፅ በረሃ ከገዳም ገዳም እየተሸሸገ ኖረ። ዝም ግን አላለም። ለንጉሡ የመከላከያ መልሱን ጻፈ፣ የአባ እንጦንስን ገድል ጻፈ፣ የአርዮስን ትምህርት ነጥብ በነጥብ አፈረሰ። ክርክሩ ቀላልና ጽኑ ነው፤ ፍጡር ፍጡርን ሊያድን አይችልም፣ ስለዚህ ያዳነን ፍጡር ከሆነ ገና አልዳንንም ማለት ነው።

የእኛም ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበር፤ ያቺ አትናቴዎስን የከሰሰች ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል። ቆንስጣንዮስ አትናቴዎስን ካሳደደ በኋላ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን በእስክንድርያ ለተሾመው ለአርዮሳዊው ጊዮርጊስ ላኩልኝ፣ ሹመቱም ትምህርቱም ዳግም ይመርመር የሚል ነው። ደብዳቤው የቆየልን አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው ነው። የዓለም ኃያል ንጉሥ አዘዘ፤ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች። ዛሬም ከቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ ይጠራል።

አትናቴዎስ በ362 ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ከሃዲው ዩልያኖስ አባረረው። በአባይ ወንዝ ላይ ወታደሮች በጀልባ ሲያሳድዱት ጀልባውን አዙሮ ወደ እነርሱ መጣ ይባላል። አትናቴዎስን አይታችኋል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ሩቅ እንዳልሆነ ተነገራቸውና አልፈውት ሄዱ። ለአምስተኛ ጊዜ በ365 በንጉሥ ዋሌንስ ዘመን ተሰደደ፤ በወራት ውስጥ ተመለሰ። በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘረዘረ። በ373 በመንበሩ ላይ ዐረፈ። ከ45 ዓመት ሹመቱ 17ቱን ያህል ያሳለፈው በስደት ነው።

እንከን አልነበረበትም ወይ? ነበረበት። በግብፅ የተገኘና በ1924 የታተመ የዚያው የ335 ዓመት የፓፒረስ ደብዳቤ አለ። ደጋፊዎቹ መላጥያን የሚባሉትን ተቃዋሚዎች እንደደበደቡ ይናገራል። ጻፊው ከተቃዋሚዎቹ ወገን ቢሆንም፣ የግል ደብዳቤ ነውና በዋዛ የሚታለፍ ማስረጃ አይደለም። ለእውነት የቆመ ሰው ወገኖቹ ዱላ ሲያነሡ ዝም ካለ፣ እውነቱ እውነት መሆኑን ባይተውም ዱላውም ዱላ ከመሆን አይድንም።

እኔ ግን ከሁሉ የምወድለት በ362 በእስክንድርያ ያደረገውን ጉባኤ ነው። ስድስት ዓመት ተሳዶ የተመለሰ ሰው ቂም ይይዛል ብለን እንጠብቃለን። እርሱ ግን በግድ የአርዮሳውያንን ጽሑፍ የፈረሙት ንስሐ ገብተው እንዲመለሱ በሩን ከፈተ። በቃላት አጠቃቀም የሚለያዩትንም ጠርቶ ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠየቃቸው፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ እምነት በሁለት አነጋገር እንደያዙ ሲረዳ አስታረቃቸው። መናፍቅ ከማለቱ በፊት ጠየቀ፤ ጠይቆም አዳመጠ።

እንግዲህ ወደ ለቅሶ ቤቱ አባት ልመለስ። አባቴ፣ የሐሰት ትምህርት የለም አላልኩም፤ አለ፣ ቤትም ያፈርሳል። አስተማሪው ገንዘብ ካጭበረበረ፣ በፈውስ ስም ሰው ከጎዳ፣ ሴት ልጅ ከደፈረ ሕግ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ይያዘው። ትምህርቱን ግን ለፖሊስ አንስጠው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ሲል፣ ለሃይማኖት ደንታ ስለሌለው አይመስለኝም። ዛሬ እርስዎ የሚጠሉትን የሚያስር ሹም፣ ነገ ሹመቱ ሲለወጥ የንስሐ አባትዎን ያስራል። ቆስጠንጢኖስ ያንን ለማድረግ የፈጀበት አሥር ዓመት ብቻ ነው።

አትናቴዎስ ያሸነፈው በወታደር አይደለም፤ ወታደሩ ለብዙ ዘመን ከባላጋራው ጋር ነበር። ያሸነፈው በማስተማር፣ በመጻፍና መከራን በመታገሥ ነው። ከሞተ በስምንት ዓመቱ፣ በ381፣ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ የኒቅያን ሃይማኖት አጸናው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እኛም ልጆቻችንን ሌላውን አርዮስ ብሎ ከመስደብ ይልቅ አርዮስ ምን እንዳለ፣ ለምንስ እንደተሳሳተ ብናስተምራቸው ይበጃል። አያቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ያን ጊዜ ይህንን ብትነግረኝ ኖሮ ማሰሮውንም በጥንቃቄ በያዝኩ ነበር።

ቸር ያሰንብተን።